እማማ እርስዎ

የእማማ ዶሮቲን ማረፍ የሰማሁት የእህታቸው ልጅ በስልኬ በላከችው አጭር መልእክት ነው። ልጅቱ አማርኛ አታውቅም፤ በማሽን አስተርጉማ ነው የላከችው። «አክስቴ ዶሮቲ እሁድ ጠዋት በሰላም አንቀላፋ» ይላል። መጀመሪያ ደነገጥኩ። ደግሜ ሳነበው ግን ዓይኔ እንባ እንዳቀረረ ሳቄ አመለጠኝ። በአማርኛ ሰዋስው ዳንግላን ያመሱ ሴትዮ የመጨረሻ ዜናቸው እንኳ ወንድ ሆኖ መምጣቱ! ቢሰሙ ኖሮ ከማንም በፊት የሚስቁት እሳቸው ነበሩ።

ዜናውን ማድረስ ያለብኝ ለአንዲት ልጅ ነበር። እሷ ዘንድ ከመድረሴ በፊት ግን ሴትዮዋን ላስተዋውቃችሁ።

ያን ጊዜ ዳንግላ ውስጥ የእንግሊዝኛ መምህር ነበርኩ። ከገበያው ወረድ ብሎ ለችግረኛ ልጆች ምሳ የሚያበላና የሚያስጠና አንድ ትንሽ ማዕከል ነበር፤ በየነሐሴው ከባሕር ማዶ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ልጆቹን ሊያገለግሉ ይመጣሉ። ነሐሴን የሚመርጡት በእነሱ አገር የዕረፍት ወር ስለሆነ ነው። በእኛ አገር ግን ነሐሴ ጭቃና ፍልሰታ ነው። ሰማይ ተቀዶ ይውላል፣ ልጅ አዋቂው ይጾማል። እነሱ ደግሞ ጃንጥላ ረስተው ቸኮሌት ይዘው ይመጣሉ። ከተማው በበኩሉ «የልጆቹን ማተብ ሊያስበጥሱ ነው» እያለ በጎሪጥ ያያቸዋል። እኔ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ በመካከል ቆሜ አስተረጉማለሁ፤ አንዱ የሚለውን ለሌላው ስነግር ግማሹን ለሰላም ስል እውጠዋለሁ።

እማማ ዶሮቲ ከእነዚህ እንግዶች ጋር መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ፀጉራቸው ጥጥ የመሰለ፣ ዕድሜ ልካቸውን የከተማ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ነበሩ። ሌሎቹ እንግዶች ልጆቹን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ የእሳቸው ዓይን ግን የሚያቀርረው ተንኮል ነው። በመጀመሪያው ቀን ልጆቹ ስማቸውን ጠየቋቸው። «ዶሮቲ» ሲሉ ግቢው በሳቅ ተናጋ።

«ዶሮ ነኝ አለች! ዶሮ ነኝ አለች!»

ምን እንደሚያስቃቸው ጠየቁኝ። በአፌ መናገር አፍሬ ክንዶቼን አርገበገብኩ። ሴትዮዋ ትንሽ አሰቡና ቢጫ የዝናብ ልብሳቸውን እንደ ክንፍ ዘርግተው እያስካኩ ግቢውን ዞሩት። ከዚያ በኋላ ልጆቹን ከሳቸው ማን ያላቅቃቸው!

የቡድኑ መሪ ፓስተር ደግ ሰው ነበሩ፤ ልጆቹ ቸኮሌት ሲበሉ ፎቶ ማንሳት ፈለጉ። ልጆቹ ቸኮሌቱን ተቀበሉ፣ ለፎቶው ፈገግ አሉ፣ ከዚያ ኪሳቸው ከተቱት። ድጋሚ ተሰጣቸው፤ ድጋሚ ተቀብለው፣ ፈገግ ብለው፣ ከተቱት። ፓስተሩ «ታመው ይሆን እንዴ?» ብለው ተጨነቁ። እማማ ዶሮቲ ወደ አንዲት ልጅ ጎንበስ አሉና በአማርኛ፣ «ይቅርታ፣ እርስዎ ለምን አይበሉም?» ብለው ጠየቁ።

ልጅቱ ስመኝ ትባላለች፤ ዐሥር ዐሥራ አንድ ዓመት ቢሆናት ነው። ጠዋት መናኸሪያ ቆሎ ትሸጣለች፣ ምሳ ሰዓት ላይ ማዕከሉ ትመጣለች፣ ማታ ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው አጎቷ ቤት ታድራለች። እናቷ ሞታለች። የሚኒባስ ረዳቶች «አንቺ ቆሎ!» ሲሏት መልስ የምትሰጥ ልጅ ነበረች። «እርስዎ» ስትባል ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም የለም።

«እኔን ነው?» አለችኝ።

«አንቺን ነው መሰለኝ» አልኳት።

ስመኝ ሻርፗን አስተካከለች፣ ቀጥ ብላ ቆመች፣ «ፍልሰታ ነው። ይሄ ደግሞ ወተት አለበት» አለች። እማማ ዶሮቲም ለፓስተሩ በእንግሊዝኛ፣ «ጾም ላይ ናቸው፤ ፎቶው ይቆይ። ጾሙ ሲፈታ ፊታቸው ሁሉ ቸኮሌት ሆኖ ታነሳቸዋለህ» አሏቸው። እኔ በሆዴ፣ እኚህ ሴት ለልጅ እንዲህ ካሉ ለትልቅ ሰው ምን ሊሉ ነው ብዬ ተደነቅኩ።

መልሱን በማግስቱ አገኘሁት። አንድ ኃላፊ ማዕከሉን ሊጎበኙ መጡ፤ ከረባት ያሰሩ፣ ጉሮሯቸውን ሳይጠርጉ ቃል የማያወጡ ሰው ናቸው። እማማ ዶሮቲ በጭቃው ላይ ሮጠው ሁለት እጃቸውን ዘረጉላቸው።

«እንኳን ደህና መጣህ! አንተ ታላቅ ሰው! ግባ፣ ግባ! ተቀመጥ!»

ወዲያው ወደ ስመኝ ዞሩ። «እርስዎ ስመኝ፣ ይቅርታ፣ ለዚህ ሰው ወንበር ያመጣሉ?»

ኃላፊው አንገታቸው ከከረባቱ ውስጥ ሲያብጥ አየሁ። «ምን አለችኝ?» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አማርኛን ወደ አማርኛ ተረጎምኩ። «እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ ነው የሚሉት» አልኳቸው።

«ሰምቻለሁ እኮ!»

«አዎ ጌታዬ፤ የሰሙት ሌላ ነው፣ ሊሉ የፈለጉት ሌላ።»

ተቀመጡ። የዚያን ቀን ያደረጉት ንግግር ከወትሮው በጣም አጭር ነበር፤ ልጆቹ ለዚህ ብቻ እማማ ዶሮቲን መረቋቸው።

ሰውየው ሲሄዱ ሴትዮዋን ጥግ አስይዤ ጠየቅኳቸው። ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራቸው አንዲት ኢትዮጵያዊት አሮጊት ጎረቤት ነበሯቸው፤ አማርኛን የተማሩት ከእኚህ ሴት ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ሲያነቡና ሲጸልዩ ነው። ከዚያ ሌላ ለመንገደኛ የሚሸጥ ትንሽ የንግግር መጽሐፍ ነበራቸው፤ «ስምዎ ማን ነው?»፣ «ሻይ ይፈልጋሉ?» የሚል። ሁለቱን አስተያዩና ደንብ አወጡ። እግዚአብሔር «አንተ» ይባላል። ነገሥታቱ በመጽሐፉ ውስጥ «አንተ» ይባላሉ። ሻይ አፍዪውና ታክሲ ነጂው ግን «እርስዎ» ናቸው። ስለዚህ «አንተ» ለታላቅ ነው፣ «እርስዎ» ለተራ ሰው። ይህን ደንብ ይዘው ነው ዳንግላ የገቡት።

«ተገላቢጦሽ ነው እኮ!» አልኳቸው።

«እርስዎ መምህር፣ እግዚአብሔርን ምን ይሉታል?»

«አንተ።»

«ኃላፊውንስ?»

«እርስዎ።»

«ኃላፊው ከእግዚአብሔር ይበልጣል?»

እንደምንም፣ እግዚአብሔር ቅርብ ስለሆነ፣ አባት ስለሆነ ነው ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። «እንግዲያው እኔም ኃላፊውን አቀረብኩት» አሉ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስህተታቸውን ያውቁታል። አላረሙትም። ስህተት መሆኑ ቀርቶ ተንኮል የሆነው መቼ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። ስጠይቃቸው «አማርኛ ከባድ ነው» ይሉና ከንፈራቸውን ነክሰው ይስቃሉ። ሚኒባስ ስንሳፈር ሾፌሩን «አንተ» ይሉታል፣ መኪና ውስጥ ከእግዚአብሔር ቀጥሎ ሾፌር ነው ብለው፤ ማርሽ ሲያጮህ ግን ወዲያው «እርስዎ» ይሆናል። እኔንም አልማሩኝም። በደንብ የተረጎምኩ ቀን «አንተ» እባላለሁ፣ ቃል የዋጥኩ ቀን ወደ «እርስዎ» እወርዳለሁ። ብዙውን ጊዜ እርስዎ ነበርኩ።

ልጆቹማ አበዱ። ኳስ ሜዳው «ያቀብሉኝ ጌታዬ!»፣ «ኧረ ይሩጡ፣ ምን ይገተራሉ!» በሚል ጩኸት ተሞላ። ሁለት ልጆች ተያይዘው አንዱ «አፍንጫዎን እንዳልሰብረው!» ብሎ ሲፎክር ሰምቻለሁ፤ ሌላው «እስቲ ይሞክሩኝ!» አለና ሁለቱም በሳቅ ጭቃው ላይ ተንከባለሉ። ለካ በ«እርስዎ» መደባደብ አይቻልም። ሴትዮዋንም ዶሮ ማለት ቀርቶ እማማ እርስዎ አሏቸው።

አንድ ቀን ልጆቹ ምሳ ቀምሰው ለእመቤታችን ጸሎት ሲያደርሱ በጥሞና አዳመጡ። የእሳቸው እምነት ሌላ ነው፤ ጆሯቸውን የያዘው ሰዋስው ነው። ማርያም «አንቺ» ትባላለች። ስመኝ ዓይናቸውን አይታ ኖሮ፣ «እማማ፣ እርስዎንም አንቺ እንበልዎ?» አለቻቸው። ሴትዮዋ ከልባቸው ደንግጠው ሁለት እጃቸውን አነሱ።

«አይሆንም! ለእሱ ገና አልደረስኩም። ስደርስ እነግርዎታለሁ።»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይባላል። ነሐሴ ሊያልቅ አካባቢ ስመኝ ምሳዋን ሳትነካ አለቀሰች። አጎቷ ባሕር ዳር ሰው ቤት ሊያስቀጥራት ከደላላ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል፤ ለእንቁጣጣሽ ሳምንት ትሄዳለች። ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ሊቆም ነው። ማዕከሉ ዘመድ ከወሰነ ምንም ማድረግ አይችልም። እንዲህ እየተባሉ የሄዱ ልጆችን አይቻለሁ፤ ለበዓል ተመልሰው የመጡት ጥቂቶች ናቸው። ይህን ለእማማ ዶሮቲ ስነግራቸው አልሳቁም። «ጋሪ ይጥሩ» አሉኝ።

የአውቶቡስ ሾፌር ጋሪ ላይ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ስመኝን አሳፍረን ከተማውን እንደወጣን ልጓሙን ከባለጋሪው ተቀበሉና ለፈረሱ፣ «ይቅርታ፣ ትንሽ ፈጠን ይሉልኛል?» አሉት። ባለጋሪው ሆዱን ይዞ ሳቀ። ስመኝ ግን አልሳቀችም፤ መንገዱን ሙሉ የዝናብ ልብሳቸውን ጫፍ ይዛ ነበር።

የአጎቷ የአያ ምንውየለት ቤት በቀርከሃ የታጠረ፣ ዙሪያውን ለከሰል በተተከለ ዛፍ የተከበበ ነው። አያ ምንውየለት በፈረሳቸው የታወቁ፣ ከፈረስ ሲወርዱ ሰው የሚነሳላቸው ሽማግሌ ናቸው። ለፈረሱ በአዊኛ፣ ለእኛ በአማርኛ እየተናገሩ ተቀበሉን። የተቀቀለ ድንችና አዋዜ ቀረበ።

«እንደምን ዋልህ፣ አንተ ጌታ?» አሉ እማማ ዶሮቲ። ወዲያው ደግሞ፣ «እርስዎ ስመኝ፣ አጠገቤ ይቀመጡ።»

አያ ምንውየለት ድንቹን አስቀመጡ። «መምህር» አሉኝ፣ «እኔ እኚህን ሴትዮ ምን በደልኋቸው? በገዛ ቤቴ እኔ አንተ፣ ቆሎ ሻጯ እርስዎ?»

እኔ ነገሩን ላለዝብ አፌን ስከፍት ሴትዮዋ ቀደሙኝ። «ማታ ስትጸልይ ማንን ነው አንተ የምትለው?»

«እግዜርን ነዋ!»

«እኔም የእሱን ቃል ሰጠሁህ። ስመኝ ገና ልጅ ናት፤ እርስዎ ይበቃታል።»

አያ ምንውየለት አማተቡ። ከዚያ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ መለስ አደረጉ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ፣ ወደ ጓዳ ዞር ብለው «ሰማሽ?» አሉ። ባለቤታቸው ከጓዳ ሳቁ።

«አንተ ጌታ፣ ስመኝ ባሕር ዳር አትሂድ። ትማር» አሉ እማማ ዶሮቲ።

የሽማግሌው ፊት ተዘጋ። «ንገርልኝ መምህር። የአገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ ነው። እናቷ እኮ እህቴ ናት፤ ጠልቻት አይደለም። አፉ በዝቷል፣ ክረምቱም እንደምታየው ነው። ለሰውየው ቃል ሰጥቻለሁ። ደግሞስ እዚያ ከናንተ ዘንድ ስትመላለስ ማተቧን ብትበጥሱባትሳ?»

«አንገቷን አልነካም» አሉ ሴትዮዋ። «እግሯ ብቻ ትምህርት ቤት ይሂድ።»

«አይሆንም። ቃሌ ቃል ነው።»

ስመኝ ልታስታጥበን የእጅ ውኃ ይዛ ተነስታ ነበር። ጆጉን እንደያዘች ቆማ ቀረች። እኔ አለቀ ብዬ መሬት መሬቱን አየሁ። የማስተረጉመው ነገር አልቆብኝ ነበር።

እማማ ዶሮቲ ተነሱ። የዝናብ ልብሳቸውን ቀስ ብለው ቆለፉ፣ ከወገባቸው ዝቅ ብለው እጅ ነሱ። «እንግዲያው ደህና ይዋሉ፣ አያ ምንውየለት። ስላስተናገዱን እናመሰግናለን። እርስዎ ጥሩ ሰው ነዎት።»

ከጓዳ አንድ ነገር ወደቀ። «ውይ!» አሉ ባለቤታቸው፣ «እርስዎ ተባለ! ኧረ በማርያም፣ እርስዎ ተባለ!»

አያ ምንውየለት ከመደቡ ላይ ብድግ አሉ። «ቆይ! ቆይ እስቲ! ምን አደረግሁና ነው ከአንተ የወረድሁት?»

«ልጅ ለደላላ የሚሰጥ ሰው እርስዎ ነው» አሉ ሴትዮዋ በሩ ላይ ሆነው። ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት የለም። በዚያች ሰዓት ዓይናቸውን ያየ ሰው ቀልድ ነው አይልም።

ሽማግሌው በሩን አዩ፣ ጓዳውን አዩ፣ በመጨረሻ ጆግ ይዛ የቆመችውን የእህታቸውን ልጅ አዩ። እሷን ሲያዩ ነው ፊታቸው የላላው። «በገዛ ቤቴ» አሉና ሳቅ ቀደማቸው፣ «በገዛ ቤቴ ከሹመቴ ልትሽረኝ! ተመለሺ በላት መምህር። ሰውየውን እኔ እመልሰዋለሁ። ግን ለዘንድሮ ብቻ! ለዘንድሮ ብቻ ነው!»

«አንተ!» አሉ እማማ ዶሮቲ እየሮጡ ተመልሰው። «አንተ! አንተ!» ስመኝ ውኃውን በሙሉ ሱሪዬ ላይ ደፋችው። እኔም አልቅሼ ነበር፤ ሱሪዬን የማደርቅ መስዬ ጎንበስ አልኩ።

በሚቀጥለው ነሐሴ ሌሎቹ እንግዶች ወደ ማዕከሉ ሲሄዱ እማማ ዶሮቲ መጀመሪያ ጋሪ ጠሩ። አያ ምንውየለት አዲስ ጋቢ ለብሰው ደጃፍ ላይ ጠበቋቸው። «አንተ» ተባሉ፣ ድንች ተበላ፣ «ለዘንድሮ ብቻ» ተባለ። በየዓመቱ እንዲሁ ሆነ። የጎረቤት ሽማግሌዎች እንኳ ፈረንጇ የምትመጣበትን ቀን እየጠየቁ «እኛስ ምን ነን?» ለማለት ይሰለፉ ነበር። አንድ ጊዜ አያ ምንውየለት የዳንግላ ገበያ መካከል አገኙኝና ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «መምህር! ያቺ ሴትዮ ዘንድሮ አንተ ልትለኝ አትመጣም እንዴ?» ብለው ጮኹብኝ። ስመኝም በ«ለዘንድሮ ብቻ» ዐሥረኛ ክፍልን ጨረሰች።

በኋላ እማማ ዶሮቲ ጉልበታቸው እምቢ ስላላቸው መምጣት አቆሙ። ኔትወርክ በፈቀደ ጊዜ ይደውላሉ። መጀመሪያ የሚጠይቁት፣ «አያ ምንውየለት አሁንም አንተ ነው?» ብለው ነው።

«ነው» እላቸዋለሁ።

«ስመኝስ?»

መጨረሻ ስንነጋገር፣ «ስመኝ እንጅባራ ገብታ ባጃጅ ትነዳለች» አልኳቸው። የአውቶቡስ ጡሩንባ የመሰለ እልልታ ጆሮዬን በሳው። «መስታወት ታያለች? ስትዞር መስታወት ታያለች?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸውን አልሰማሁም። በጣም ናፍቀውኝ ነበር።

መልእክቱ በደረሰኝ ቀን ሚኒባስ ይዤ እንጅባራ ሄድኩ። የስመኝን ባጃጅ ለማግኘት አይቸግርም፤ ጀርባዋ ላይ «እርስዎ ይቅደሙ» የሚል ተጽፎባታል። ሰው ለኋላ መኪና የተጻፈ ይመስለዋል። ስደርስ ስመኝ አንዲት ዩኒፎርም የለበሰች ትንሽ ልጅ እያሳፈረች ነው። «ይግቡ እመቤቴ፣ እግርዎን ያስገቡ» ትላታለች። ልጅቱ እንደ ትልቅ ሰው ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች።

«ስመኝ» አልኳት፣ «እማማ እርስዎ አረፉ።»

ለሌላ ሰው የነገርኩ ይመስል ዞር ብላ ከኋላዋ አየች። ማንም የለም። ሻርፗን አስተካከለች፤ እንባዋ ግን አልጠበቃትም።

«ነፍሷን ይማር» አለች።

የመምህርነት አመል በሐዘን ቀን እንኳ አይለቅም። «ነፍሳቸውን በይ እንጂ፣ ስመኝ» አልኳት። «ትልቅ ሰው ናቸው።»

ስመኝ ፊቷን በሻርፗ ጠረገች፣ ወደ ባጃጇ ገባች፣ መስታወቷን አየች።

«መምህር» አለችኝ፣ «አሁንማ ደርሳለች።»